አፈር የቆላችው ሴት

ስለዚያ ጉዳይ ያወጣሁት ዜና ከአምስት አንቀጽ አይበልጥም። የዕፅዋት ሥር በአፈር ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ምግብ እንደሚለዋወጥ፣ አፈሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይህ ልውውጥ እንደሚቋረጥ፣ አንዲት የከሚሴ ነዋሪም ይኸው እንደገጠማት ይገልጻል። የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። አርታኢውም አንድ ቃል አላረመበትም። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ቀናት ያየሁት ዋናው ነገር በውስጡ የለም። ዛሬ የምጽፈው ያንን ነው። የሁለቱንም ባለታሪክ ሴቶች ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ስማቸውን ግን ቀይሬዋለሁ። ታላቂቱ በዚህ ተቆጥተውኛል። «ምን ሰርቄ ነው ስሜን የምትደብቀው?» ነው ያሉኝ።

ያኔ መኖሪያዬ ደሴ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በዘጋቢነት ሰርቻለሁ። ጎርፍ፣ ድርቅ፣ ግጭት፣ የአንበጣ መንጋ፣ የምረቃ በዓል፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፊት ነው የምዘግበው። ባልደረቦቼ ለዚህ ጠባዬ ቅጽል ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ እኔም አልተቃወምኩም። ጠዋት እደርሳለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ የሰማሁትን ከሁለተኛ ሰው አጣራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ መኪና ይዤ እመለሳለሁ። ከባለታሪኮቼ ቤት አላድርም፤ ጉዳያቸውም ውስጥ እጄን አላስገባም። በዚያ ወር ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ በአርታኢነት እንድቀመጥ ተወስኖ ነበር። ለዓመታት የጠበቅኩት ቦታ ስለነበር ደስ ብሎኛል። በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ የምጓዝበት ዘመን አበቃ ብዬ ነበር።

ወደ ከሚሴ የወሰደችኝ ሶፊያ የምትባል ወጣት የአፈር ባለሙያ ናት። የምታጠናው በሥርና በፈንገስ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። «ዘህራ የምትባል ሴት አለች፤ የምታፈላቸው ችግኞች እየጠፉባት ነው። ሥራቸውን ወስጄ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ዛሬ ውጤቱን ልነግራት ስለሆነ ብትመጣ ጥሩ ዜና ታገኛለህ» አለችኝ። ሄድኩ።

የዘህራ ቤት ከዋናው መንገድ ጨፋ ወደሚባለው ረግረግ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት ዳር ነው። ዘህራ አርባን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን አጥብቃ የምታስር ሴት ናት። ግቢዋ እንደ መስጊድ ወለል የጸዳ ነው። ቅጠል እንኳ መሬት ላይ አይታይም። ጥግ ላይ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ በሶስት ድንጋይ ላይ የተቀመጠ በርሜል አለ። ከውስጥም ከውጭም በጥላሸት ጠቁሯል። ከጎኑ በጆንያ ዳስ ሥር፣ ከአስር የማይበልጡ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢቶች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የትርንጎ ችግኝ ነበረ።

ስለ ችግኝ ብዙ አላውቅም። እነዚህ ግን እንደታመሙ ለማወቅ ዕውቀት አያስፈልግም። ከጣት ርዝመት ብዙም አያልፉም። ቅጠላቸው አንሶ፣ ወዙ ጠፍቶ፣ ወደ ነሐስ ቀለም ሄዷል። ሶፊያ ጎንበስ ብላ አንዱን ስትነካው ቅጠሉ በእጇ ቀረ።

«ትናንትም ሁለት ረገፈ» አለች ዘህራ። «ዛሬ ደግሞ በእጅሽ።»

የዘህራ እናት የተከሉት አንድ የትርንጎ ዛፍ ነበር። ሲያቅለሸልሻት የምትውል ነፍሰ ጡር ሁሉ ፍሬውን ለመጠየቅ ወደዚያ ቤት ትመጣ ነበር። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ በወጣበት ክረምት ጎርፉ ዛፉን ከነሥሩ ወሰደው። እናትየውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ዘህራ የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች ዘር አውጥታ ተከለች። በሰፈሩ ሌላ ትርንጎ የለም። እነዚህ ከረጢቶች ውስጥ ያሉት ከሞቱ፣ የእናቷ ዛፍ ዘር እዚያ ላይ ያበቃል። የዘህራ ጭንቀት ይህ ብቻ ነበር፤ ለመሸጥ አይደለም፣ ለሌላም አይደለም።

«አሁን ንገሪኝ» አለቻት ለሶፊያ። «በሽታው ምንድን ነው?»

«በሽታ የለባቸውም።»

«እንዴት?»

«በሽታ ፈልጌ አላገኘሁም። ጤነኛ ሥር ላይ መገኘት ያለበትን ፈለግኩ፤ እሱንም አላገኘሁም።» ሶፊያ ስልኳን አውጥታ ሁለት ፎቶ አሳየችን። በመጀመሪያው የአንድ ሎሚ ሥር በማይክሮስኮፕ ጎልቶ ይታያል፤ ውስጡ በሰማያዊ ቀለም የወጡ ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ክሮቹ ከሥሩ ወጥተው ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። ሁለተኛው የዘህራ ችግኝ ሥር ነው። ባዶ ነው።

«ክሮቹ ምንድን ናቸው?»

«ፈንገስ ናቸው።»

«ሻጋታ ነው የምትይኝ?»

«የሻጋታ ዘመድ በይው።»

«ያ ረቢ! ሻጋታ እንዳይኖርበት ብዬ እኮ ነው የቆላሁት!»

የበርሜሉ ምስጢር ያኔ ገባኝ። ዘህራ መጀመሪያ ያፈላቻቸው ችግኞች አንገታቸው ላይ እየበሰበሱ ወድቀውባት ነበር። አፈሩን ብታሞቂው የሚያበሰብሰው ነገር ይሞታል የሚል ምክር ሰማች። ምክሩ ስህተት አልነበረም። ዘህራ ግን ነገርን በግማሽ የምትሰራ ሴት አይደለችም። አፈሩን በበርሜሉ ላይ እንደ ገብስ ቆላችው። እያማሰለች፣ ጠጠሩን እየለቀመች፣ አቧራው እስኪጨስ ቆላችው። ከዚያ አሳድራ ደግማ ቆላችው። ሰፈሩ «አፈር ቆይዋ» የሚል ስም አወጣላት። በደጇ የሚያልፉ ሴቶች «ዘህራ፣ ቆሎው ደረሰ? እንቅመስ?» ይሏታል።

ሶፊያ መሬት ላይ ተቀምጣ አስረዳቻት። እንደሰማሁት አስቀምጠዋለሁ። የዛፍ ሥር ራሱ የሚደርስበት ቦታ አጭር ነው። በአጠገቡ ያለውን ምግብ፣ በተለይ ፎስፈረስ የሚባለውን፣ ፈጥኖ ይጨርሰዋል። ፈንገሱ ግን ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት ይዘረጋል፤ ከዚያ ያገኘውን አምጥቶ ለሥሩ ይሰጣል።

«በነፃ?» አለች ዘህራ።

«በነፃማ አይደለም። ፈንገሱ ጨለማ ውስጥ ስለሚኖር ስኳር መስራት አይችልም። ዛፉ በቅጠሉ ከፀሐይ የሰራውን ስኳር በሥሩ በኩል ያካፍለዋል። አንዱ ሌላውን ይመግበዋል። አንዳንድ ተክል ያለ እሱም ይኖራል፤ ሎሚና ትርንጎ ግን በጣም ይፈልጉታል።»

ዘህራ በርሜሉን አየች፤ ከረጢቶቹንም አየች።

«ጎረቤታቸውን ነው እንዴ የቆላሁባቸው?» አለች በቀስታ።

ማዳበሪያስ አይተካውም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሥራዬ ነውና። ሶፊያ ለጊዜው ይረዳ ይሆናል አለች፤ ዘህራ ግን ሞክራው የቅጠሎቹ ጫፍ ተቃጥሎ ነበር። የሚሻለው ከጤነኛ ዛፍ ሥር፣ ከነቀጫጭን ሥሮቹ የተወሰደ ጥቂት እርጥብ አፈር ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ያበሰበሰው በሽታ በጎርፍ ውሃ የሚዛመት ስለሆነ፣ ጎርፉ ከረገጠው ማሳ መውሰድ አደጋ አለው። ጎርፍ ያልደረሰበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ለዓመታት ሳይታመም የኖረ ሎሚ ወይም ብርቱካን ቢገኝ ጥሩ ነበር።

«የምታውቂው አለ?» አለች ሶፊያ። «እኔ አሁን ወደ ባቲ እሄዳለሁ፤ ነገ ረፋዱ ላይ ተመልሼ አብረን እንጨምረዋለን። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ አልመጣም። እነዚህም በዚህ አያያዛቸው የሚቆዩ አይመስለኝም።»

ዘህራ ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች።

«የማውቀው የለም» አለች።

ሶፊያ በመስሪያ ቤቷ መኪና ሄደች። እኔ የፈለግኩትን ሁሉ አግኝቼ ነበር። ዘህራን አመስግኜ በባጃጅ ወደ መነኸሪያ አመራሁ። ሾፌሩ ኡመር ይባላል፤ ከአፉ ወሬ የማይጠፋ ጎልማሳ ነው።

«ከአፈር ቆይዋ ዘንድ ነው የመጡት?» አለኝ። «ችግኞቹ ተረፉ?»

ከጎርፍ ነፃ የሆነ የሎሚ ዛፍ ካልተገኘ እንደማይተርፉ ነገርኩት። ኡመር ባጃጁን ከመገረሙ የተነሳ ሊያቆመው ምንም አልቀረውም።

«የምን መፈለግ ነው? የእማ ሀዋ ሎሚ አለ አይደል! ከዘህራ በር ፊት ለፊት፣ ዳገቱ ላይ። እኔ ሳልወለድ የነበረ ዛፍ ነው። ግማሹ ከሚሴ ሲታመም ከዚያ ነው ሎሚ የሚለምነው።»

«ዘህራ አላውቅም አለች።»

ኡመር በመስታወቱ አየኝ። «እሱማ... ወንድሜ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። እማ ሀዋ አማቷ ነበሩ።»

መነኸሪያው ደረስን። የደሴው ሚኒባስ አንድ ሰው ነበር የቀረው። ረዳቱ «ደሴ አንድ! ደሴ አንድ!» እያለ ይጮኻል፤ ያ አንድ ሰው እኔ እንደሆንኩ እሱም አውቋል። ከባጃጁ ወርጄ ቆምኩ። የመለሰኝ ርኅራኄ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር። ያልተመለሰ ጥያቄ ይዤ መኪና ውስጥ መቀመጥ አልወድም። አንዲት ሴት የእናቷን ዛፍ ሊያድን የሚችል ነገር በሯ ፊት ለፊት እያለ «አላውቅም» ካለች፣ የጻፍኩት ነገር ሙሉ አይደለም ማለት ነው።

«መልሰኝ» አልኩት ኡመርን።

«አውቄው ነበር» አለና ሳቀ።

ዘህራ ስታየኝ አልተገረመችም። ሁለት በርጩማ አውጥታ ከበሯ ውጭ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያየን ቦታ አስቀመጠች። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናትና እንግዳ ወንድ ወደ ውስጥ አታስገባም። ከፊት ለፊታችን፣ በእማ ሀዋ አጥር ላይ የሎሚው ቅርንጫፍ ወደ መንገዱ ዘንበል ብሎ ይታያል። ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ነው። ይህን ዛፍ ጠዋት አይቼው አላየሁትም ነበር።

«ነገሩዎት?» አለችኝ።

«አማትሽ እንደነበሩ ነገሩኝ። ሌላ አላውቅም።»

«ነበሩ» አለች። ቃሉን እንደ መመዘን አለች። «ልጃቸው ባገባኝ በዓመቱ አረብ አገር ሄደ። ቤቱ ውስጥ የኖርነው እኔና እሳቸው ነን። አስር ዓመት ገደማ። ትዳሩ የእኔና የእሳቸው ነበር ቢባል ይቀላል። ሲታመሙ እኔ ነኝ ያጠብኳቸው። እኔ ስታመም እሳቸው ናቸው በእጃቸው ያጎረሱኝ። አዮ ነበር የምላቸው፤ እናቴ ማለት ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በስልክ ፈታኝ። ለዘመዱ ደውሎ 'ፈትቻታለሁ በላት' አለ። እዚያ ሌላ ሴት አግብቷል። ይሁን፤ አላህ የጻፈው ነው። ያኛው አይደለም የጎዳኝ።» ሻሿን አጠበቀች። «ጓዜን ይዤ ስወጣ አዮ ቤት ውስጥ ነበሩ። ከጓዳ አልወጡም። ደህና ሁኚ አላሉኝም። ልጄ፣ ተይ፣ ቁጭ በይ፤ ምንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም።»

«በር ለበር እየኖራችሁ?»

«በር ለበር።»

እንዴት ቻላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ያስረዳችኝን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ሰላምታ ከቀረበ መመለስ ግዴታ ነው። ሁለቱም ሃይማኖታቸውን የሚያከብሩ ሴቶች ናቸው። ከተገናኙ አንዷ «አሰላሙ አለይኩም» ማለቷ፣ ሌላዋም መመለሷ አይቀርም። ከሰላምታ በኋላ ደግሞ ምን ሊባል ነው? ስለዚህ ላለመገናኘት ይጠነቀቃሉ። ዘህራ ውሃ ለመቅዳት የምትወጣው የእማ ሀዋ በር ሲዘጋ ሰምታ ነው። እማ ሀዋ ገበያ የሚሄዱት ዘህራ ስትሰግድ ነው። አንዷ መንገድ ላይ ብቅ ስትል ሌላዋ ወደ ግቢዋ ትገባለች። እንዲህ ሆነው ሦስት ክረምት አሳልፈዋል።

«ሰላምታዬን ባይመልሱልኝስ?» አለችኝ። «አሁን ቢያንስ አላውቅም። ልጃቸው ሲፈታኝ ወደውት ይሁን፣ ጠልተውት ይሁን አላውቅም። ሄጄ ዝም ካሉኝ ግን አወቅኩ ማለት ነው።»

ያኔ ከልማዴ ወጣሁ። «እኔ ሄጄ አፈሩን ልለምንልሽ? ለማን እንደሆነ አልናገርም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ከሳቸው አፈር አልሰርቅም። የለመኑትን ነገር ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ መውሰድ ስርቆት ነው።»

በዚያው ተለያየን። ከዋናው መንገድ ዳር አንድ ማደሪያ ያዝኩ። ወደ መስሪያ ቤቴ ደውዬ ዜናው አንድ ቀን እንደሚዘገይ ተናገርኩ። የአለቃዬ ድምፅ ውስጥ መገረም ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ዜና አዘግይቼ አላውቅም።

ጠዋት ስደርስ ዘህራ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ባዶ ጆንያ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ይዛለች። ፊቷ እንቅልፍ ያላየ ፊት ነው።

«አንዱ ሌሊቱን ቅጠሉን ጨረሰ» አለች። «እንጨት ብቻ ሆነ። እናቴ ብትኖር ለትርንጎዋ ብላ የማንንም በር ታንኳኳ ነበር። ይምጡ፤ ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው ይኑር።»

መንገዱን ተሻገርን። አጭር ነው፤ አንዲት ባጃጅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። እኔ ከኋላ ቀረሁ። ዘህራ በቆርቆሮው በር ፊት ቆማ አላንኳኳችም።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች።

መልስ የለም። ከውስጥ መጥረጊያ ሲጠርግ ይሰማ የነበረው ድምፅ ቆመ። ሰው መኖሩን አወቅን። በሥራዬ ብዙ ጊዜ የሰው መልስ ጠብቄአለሁ፤ ከሐኪም፣ ከዳኛ፣ ከታጣቂ። እንደዚያ ጠዋት ዝምታ የከበደኝን ጊዜ ግን አላስታውስም። የዘህራ ትከሻ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ጆንያውን ከብብቷ አወጣችና ልትዞር እግሯን አነሳች።

«ወአለይኩም ሰላም» አለ ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ። ከዚያም ቀጠለ። «ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።»

በአጭሩ መመለስ ይበቃ ነበር። እማ ሀዋ እስከ መጨረሻው፣ ከሚባለው ረጅሙን መለሱላት። ዘህራ በቆርቆሮው ላይ ግንባሯን አስደገፈች።

በሩ ተከፈተ። እማ ሀዋ አጭርና ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ መጥረጊያው በእጃቸው ነበር። ዘህራን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፣ ከዚያ ጆንያውን።

«ይሄ ምንድን ነው? ልትቆዪ የፈለግሽው የእኔን አፈር ነው?»

«አዮ...»

«አፈር ቆይዋ! በጭስሽ ዓይኔን አጠፋሽው እኮ! በየሳምንቱ ሳል ይዞኝ ይውላል። 'ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ ሰው አፈር ይበላል እንዴ?' ስል ነው የከረምኩት።» ድምፃቸው የቁጣ ነው፤ እጃቸው ግን የዘህራን ክንድ ይዞ ወደ ውስጥ እየሳባት ነበር። «ከስተሻል። ማነው የሚያጎርስሽ? ማንም። አንተስ ማነህ?»

«ጋዜጠኛ ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄ ፈታት፤ አንተ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ልታወጣት መጣህ በለኛ!»

ዘህራ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ መለየት አልተቻለም። አሮጊቷ መጥረጊያውን ጣሉት።

«ያን ቀን ለምን አልወጡም?» አለች ዘህራ። «ጓዜን ይዤ ስወጣ። ለምን ዝም አሉኝ፣ አዮ?»

እማ ሀዋ ከሎሚው ሥር ወዳለው ድንጋይ ሄደው ተቀመጡ።

«ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ። ወጥቼ ምን ልበልሽ? 'የወለድኩት ጣለሽ፣ እኔ ግን አልጣልኩሽም' ብል ታምኚኝ ነበር? በየትኛው ፊቴ ልይሽ? ለሱ ደውዬ ነገርኩት፤ 'እሷን የፈታህ ዕለት እኔንም ፈተሃል' አልኩት። ሲደውል አላነሳም። ከዚያ በየቀኑ 'ዛሬ ትመጣለች' እላለሁ። አትመጪም። 'ጠልታኛለች፣ ልክ ናት' አልኩ። በርሽ ሲከፈት እየሰማሁ እገባለሁ፤ ሰላምታ ብሰጥሽ ግዴታ ሆኖብሽ ትመልሺልኛለሽ፤ በግዴታ የሚመለስ ሰላምታ ካንቺ አልፈለግኩም።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት» አለች ዘህራ።

«አብሽሪ፤ አይዞሽ። አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

«እርስዎ አውፍ ይበሉኝ።»

እኔ ወደ አጥሩ ዞሬ ቆምኩ። የሚጻፍ ነገር አልነበረም።

ሶፊያ ከባቲ ስትደርስ ሁለቱን ሴቶች ሎሚው ሥር ተንበርክከው አገኘቻቸው። እማ ሀዋ ከዛፉ በስተጥላ ያለውን ጎን መርጠው፣ የወደቀውን ቅጠል በእጃቸው ገልጠው ነበር። ሶፊያ ከሥሩ አፈር ዘገን አድርጋ አሳየችን። እርጥብ ነው፤ እንደ ክር የቀጠኑ ሥሮች ተጠላልፈውበታል። ፈንገሱ ራሱ በዓይን እንደማይታይ ነገረችን። እማ ሀዋ ግን ዘገኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት።

«አላህ ያልታየ ነገር ሲፈጥር ምስክር አይፈልግም» አሉ።

ጆንያውን አርጥበን አፈሩን ተሸክመን ተሻገርን። እማ ሀዋ በሩን ሲያልፉ ቆም ብለው ግቢውን አዩ። ምን ያህል ጊዜ በአጥር ቀዳዳ እንዳዩት ማን ያውቃል።

ክርክር የተነሳው እዚያ ነው። ሶፊያ ከየሥሩ አጠገብ ጉድጓድ አድርጋ አንድ አንድ እፍኝ መጨመር ጀመረች። ሁለቱን ከረጢት ግን ለብቻ አገለለች።

«እነዚህስ?» አለች ዘህራ።

«ለማነጻጸሪያ ይቆዩ። አፈሩ የተጨመረባቸው አገግመው እነዚህ ካላገገሙ፣ ያዳናቸው አፈሩ መሆኑን እናውቃለን። ሁሉም ላይ ከጨመርን ግን ማረጋገጥ አንችልም።»

ሶፊያ ትክክል ነበረች። እኔም እንደ እሷ ነው የማስበው፤ ያለ ማነጻጸሪያ የሚነገር ነገር ወሬ ነው። ዘህራም የገባት መሰለኝ፤ ምክንያቱም አልተከራከረችም። የተገለሉትን ከረጢቶች ብቻ አየች። እማ ሀዋ ናቸው የተነሱት።

«የትኛዋን ነው ለረሃብ የመረጥሻት? ይቺኛዋን? ምን አድርጋሽ?»

«እማማ፣ መምረጥ አይደለም፤ እንዲሁ በዕጣ...»

«እኔ እህል በዕጣ ሲታደል ሳይደርሰው የቀረ ልጅ አይቻለሁ። ይብቃኝ።» እፍኛቸውን ሞልተው ሁለቱም ከረጢቶች ላይ በየተራ ጨመሩ። «ቢስሚላህ። በይ አሁን ማነጻጸሪያሽን ሌላ ቦታ ፈልጊ።»

ሶፊያ ወደ እኔ ዞረች፤ እርዳታ የፈለገች መሰለኝ። እኔ ከረጢቶቹን ማየት ቀጠልኩ። ኋላ ሳቀች፣ እጇንም ታጠበች። ሊሳካም ላይሳካም እንደሚችል፣ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ፣ የበርሜሉን አፈር ዳግመኛ እንዳትጠቀም ነግራት ሄደች። ዘህራ በዚያው ዕለት በርሜሉን ገለበጠችው።

ችግኞቹ ለሳምንታት ምንም ለውጥ አላሳዩም። ሁለቱ ሞቱ። እየደወልኩ እጠይቅ ነበር። ዘህራ «ዛሬም እንደዚያው» ትለኛለች፤ ከኋላዋ የእማ ሀዋ ድምፅ «ንገሪው፣ አይነዝንዘን በይው» ይላል። ከዚያ አንድ ጠዋት ራሷ ደወለች። መናገር አቅቷት ስልኩን ለአዮ ሰጠቻቸው። «ቅጠል አወጣ» አሉኝ። «አረንጓዴ። አሁን ስራህን ሥራ።»

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ያዳናቸው ፈንገሱ ነው ብዬ እንድምል ብትጠይቁኝ አልምልም። ማነጻጸሪያ አልነበረንም። ምናልባት ዝናቡ ረድቷቸዋል፤ ምናልባት የተቃጠለው አፈር ራሱ እየተመለሰ ነበር። ሶፊያ ዳግመኛ ሥራቸውን አይታ ክሮቹን አግኝታለች፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር አላረጋግጥም። የማረጋግጠው ስለ ራሴ ያለውን ነው። ያንን የደሴ ሚኒባስ ብሳፈር ኖሮ በሙሉ ልቤ ትክክል የሆነ ዜና ጽፌ፣ ስለዚያች መንደር የሚታወቀውን ሁሉ እንዳወቅኩ አምኜ አዲስ አበባ እቀመጥ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከሰዓት በኋላ የተሳፈርኩባቸውን መኪኖች አሰብኳቸው። ሰዎች ለእኔ የነገሩኝን ነበር የማውቀው፤ ከሄድኩ በኋላ እርስ በርሳቸው የተባባሉትን አላውቅም።

የአርታኢነቱን ቦታ አልወሰድኩም። አለቃዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ የተናገርኩት ነገር አሳማኝ አልነበረም። አሁን የምኖረው ከሚሴ ነው። ዜናዎቼ ከቀድሞው ያነሱ ናቸው፤ የምዘግብበት ቦታ ግን አድራለሁ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ለሁሉም ይሆናል አልልም። ግን እናንተም ሰላምታው ግዴታ እንዳይሆንበት ብላችሁ የምትሸሹት ሰው ካለ፣ እሱም በአጥሩ ቀዳዳ እያያችሁ ይሆናል። ቢያንስ ይህን ጠይቁ።

ባለፈው ክረምት የመጀመሪያው ትርንጎ ከከረጢቱ ወጥቶ መሬት ተተከለ። ዘህራ ግቢዋ ውስጥ ሊሆን ነው ስትል፣ እማ ሀዋ ጎርፍ የማይደርሰው የእኔ ግቢ ነው ብለው ረቱ። ጥሪ ደርሶኝ ሄድኩ። ዘህራ ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክካ ፕላስቲኩን ቀደደች። እማ ሀዋ ግንዱን ይዘው ቆሙ፤ አፈሩ በሁለቱም እጅ ተሞላ። እኔ እንዳላስቸግራቸው ብዬ ራቅ ብዬ፣ በትርንጎውና በትልቁ ሎሚ መካከል ባለው ባዶ መሬት ላይ ቆሜ ነበር።

እማ ሀዋ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ጋዜጠኛ» አሉ፣ «ከዚያ ላይ ውረድ። የምታልፍበት ነው።»

«ማን ናት የምታልፈው፣ እማማ?»

«ሎሚዋ ናታ። በክሮቿ፣ ወደ ልጅቱ።»